ማደስ፣ ማራዘም ወይስ ማገርሸት?

የፍኖተ ሰላም እህል ነጋዴ በየዓመቱ ንግድ ፈቃዱን ያድሳል። በዙሪያው፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ የሚያርሰው ገበሬም የበቆሎ ዘሩን ያድሳል። ሁለቱም ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተዋል፤ የገዙት ነገር ግን ለየቅል ነው።

የእንግሊዝኛው «ሪኒው» የተሰኘ ግስ ይህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታል። ፓስፖርት፣ ውል፣ ጉልበት፣ ሌላው ቀርቶ ቆሞ የነበረ ጦርነትም በዚሁ ቃል ይገለጻል። አማርኛው ይለያል። ቤትና ቤተ ክርስቲያን ይታደሳል፤ የጊዜ ገደብ ይራዘማል፤ በሽታና ውጊያ ግን ያገረሻል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በጥር 2016 ዓ.ም. ለ4 ወራት «ተራዘመ» እንጂ «ታደሰ» ያለ አልነበረም። በዚያው ሰሞን የምዕራብ ጎጃም ሰው ስለ ውጊያው ሲያወራ «አገረሸ» ነበር የሚለው። የፕሮጀክትና የቢሮ ወረቀት ተርጓሚዎች ይህን ልዩነት ቢያጤኑት መልካም ነበር።

ልዩነቱ ደግሞ የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የገበያም ነው። ንግድ ፈቃድ ሲታደስ በነጋዴው መጋዘን ላይ የሚጨመር ነገር የለም። የሚከፈለው ጊዜ ስላለፈ ነው፤ በአማርኛው ትክክለኛ ስሙ ማራዘም ነው። የእድሳቱ ጊዜም የሚጀምረው በሐምሌ፣ የበቆሎው ምርት በኅዳርና በታኅሣሥ ገበያ ከመግባቱ በፊት፣ የእህል ነጋዴው እጅ በሚያጥርበት ወቅት ነው። ግብሩን ከፍሎ ክሊራንስ ማቅረብ እንዳለበትም አይዘነጋ።

የዘሩ ጉዳይ ግን እውነተኛ እድሳት ነው። በ1985 ዓ.ም. ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የሦስት ወላጆች ድቅል ነው። ገበሬው ከማሳው የሰበሰበውን ፍሬ መልሶ ቢዘራው ቡቃያው ቁመቱም ዛላውም ይለያያል፤ የድቅሉም ብርታት ይቀንሳል። ስለሆነም በየዓመቱ መግዛት ግድ ይሆናል። ለግማሽ ሄክታር የሚበቃው 12.5 ኪሎ ከረጢት የሚገዛው ደግሞ በግንቦት ነው፤ ጎተራው ባዶ በሆነበት፣ ማዳበሪያም ዋጋውን ይዞ በሚጠብቅበት ወር። በዚህ ጊዜ ተራ በቆሎ በምርጥ ዘር ስም የሚሸጥ ነጋዴ የሚዘርፈው የአንድ ከረጢት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። ይህን ማጭበርበር በፈቃድ ጉድለት ደረጃ የሚያዩ ሹማምንት ካሉ ተሳስተዋል።

ከሁሉ በላይ ችላ የተባለው የአፈሩ እድሳት ነው። ከቡሬ እስከ ወምበርማ ያለው ቀይ አፈር ዝናብ ሲያጥበው ኖሮ አሲዳማ ሆኗል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የፈሰሰ የፎስፈረስ ማዳበሪያ አብዛኛው በአፈሩ ይታሰርና ተክሉ አያገኘውም። ገበሬው ዘሩን አድሶ፣ ማዳበሪያውን ከፍሎ ምርቱ ሲያንስበት ጥፋቱን የሚጥለው በዘሩ ላይ ነው። የቀድሞ ሰው መሬት ሲደክም ዕዳሪ ያሳድር ነበር፤ ወይም ግብጦ ይዘራበታል። ግብጦ በደከመ መሬት ላይ በቅሎ ናይትሮጅን ይመልሳል፤ ፍሬውም መራራነቱ እስኪለቅ በውኃ ተዘፍዝፎ ለቆሎ ይሆናል፣ አረቄም ይወጣዋል። ዛሬ ግን ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ማሳውን ለዕዳሪ ይተው ማለት ልጆቹን ጦም ያሳድር ማለት ነው።

የቀረው አማራጭ ኖራ ነው። አንድ ጊዜ በሚገባ ከተሰጠ ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል። ይሁንና በሄክታር የሚያስፈልገው በርካታ ኩንታል በመሆኑ ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው ያስቸግራል። ለዘርና ለማዳበሪያ የተዘረጋው የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የብድር መስመር ለኖራም በዚያው መጠን ሊከፈት ይገባል። የብድሩ ቀን ግን የተለየ መሆን አለበት፤ ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈር ጋር መቀላቀል ስላለበት፣ በግንቦት ለሚዘራ የቡሬ ገበሬ በሰኔ የሚደርስ ኖራ የሚጠቅመው ለከርሞ ነው።