ስምንት ወር የተባለው ቁጥር



በዚህ ዓምድ ጥቂት ስፍራ ቢፈቀድልኝ፥ ከበሽተኛ ስለሚሸሸግ ነገር አሳቤን ላቅርብ። ባለፈው ወር የታመመ የሥራ ባልደረባችንን ለመጠየቅ ብንሄድ፥ ታላቅ ወንድሙ ከበር ላይ አቁሞ «ነቀርሳ መሆኑን አልነገርነውም፤ ሐኪሙ የቀረውን ዕድሜ በወር ቆጥሮ ለእኔ ነግሮኛልና እናንተም ጨጓራ ነው በሉት» አለን። እኛም አልን። በሽተኛው ግን 20 ዓመት በሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ነውና ፊታችንን አይቶ ዝም አለ።

ወዲያው ትዝ ያሉኝ አሜሪካዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ፕሮፌሰር ስቴፈን ጄይ ጉልድ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም.፥ በ40 ዓመታቸው፥ የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ የሚነሣ ሜሶቴሊዮማ የተባለ እምብዛም የማይታይ ነቀርሳ ተገኘባቸው። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚያያዘው እሳት የማይበላው ማዕድን ከሆነው ከአስቤስቶስ ብናኝ ጋር ነው፤ ብናኙ ወደ ሰውነቱ የገባ ሰው 20፥ 30፥ ወይም 40 ዓመት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ፕሮፌሰሩ ስለ በሽታው ምን ላንብብ ብለው ሐኪማቸውን ቢጠይቁ፥ ይህን ያህል የሚነበብ ነገር የለም አለቻቸው። እሳቸው ግን መራመድ እንደ ቻሉ ወደ ሐርቫርድ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሄደው ሲያገላብጡ፥ በሽታው የማይድን መሆኑንና ከታወቀ በኋላ የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 8 ወር መሆኑን አነበቡ።

ሩብ ሰዓት ያህል ደንግጠው ከተቀመጡ በኋላ ቁጥሩን ይመረምሩ ጀመር። እኛ የቢሮ ሰዎች ነገሩን በደመወዝ መዝገብ ልንረዳው እንችላለን። የ100 ሠራተኞችን ደመወዝ ከትንሹ ወደ ትልቁ ብንደረድር፥ መሐል ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያገኘው ገንዘብ የዋናውን ዳይሬክተር ደመወዝ አይነግረንም፤ መዝገቡ ወደ ታች ወሰን አለው፥ ወደ ላይ ግን ይረዝማል። 8 ወርም እንዲሁ ነው። ግማሾቹ ከዚያ በፊት ሞቱ፥ ግማሾቹ ግን አልፈው ኖሩ፤ ካለፉትም ውስጥ ለብዙ ዓመት የቆዩ አሉ። ፕሮፌሰሩ ወጣትነታቸውን፥ በሽታው በጊዜ መገኘቱንና የሚያገኙትን አዲስ ሕክምና ቆጥረው ከኋለኞቹ ወገን ልሆን እችላለሁ አሉ። ይህንንም በ1985 ዓ.ም. ጽፈው አሳተሙ። 20 ዓመት ያህል ኖረው በ2002 ዓ.ም. ያረፉትም በሌላ ነቀርሳ ነው።

ሁሉም እንደ እሳቸው ይሆናል አልልም፤ በሽታው ክፉ ነው። ዘመድም የሚሸሽገው ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። (የሌላውን ሰው መርዶ እንኳ ዘመድ ሰብስበን፥ ጎሕ ሲቀድ ጠብቀን የምናረዳ ሰዎች፥ ለሰውየው የራሱን ነገር መንገሪያ ሰዓት ማጣታችን ይገርመኛል።) ነገር ግን ሰውየው ካልተነገረው፥ በወጣትነትህ የት ሠራህ፥ አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ አፍርሰህ ወይም ቆርጠህ ታውቃለህን ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? ቀዶ ጥገናውን እሺ ወይም እንቢ የሚለውስ ማን ነው? ሐኪሙም ቢሆን ቁጥሩን በኮሪደር ለወንድም ሰጥቶ ከመሄድ፥ ቁጥሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ለባለቤቱ ለራሱ ተቀምጦ ቢያስረዳው ምን ነበረበት?

ባልደረባችንን በሚመጣው ቅዳሜ እንደገና ልንጠይቀው ነው። ከዚያ በፊት ዓርብ ማታ ወንድሙን ለማነጋገር ቀጠሮ ይዣለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ