ሕግ እንወቅ፦ ትዳር ሲፈርስ ማን ምን ይወስዳል?

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ካበቃ በኋላ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈቱና፣ «ልጄ፣ ይኸን እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ።

«እርስዎ ያንብቡት። እኔ አጠገብዎ ነኝ» አልኳቸው።

ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ «ከእንግዲህ በቤቱም፣ በከብቱም፣ በመሬቱም የምጠይቀው የለኝም።» ከታች የእሳቸው የጣት አሻራ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባላቸው፣ «ፈትቻታለሁ» አሉ። ሦስት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ለሴትዮዋ አንዲት ጊደርና ጥቂት እህል ተሰጣቸው። «በስምምነት ነው፤ እዚህ ላይ አሻራሽን አድርጊ» ተባሉ። አደረጉ። ያኔ ፊደል አይለዩም ነበር። ሃያ ዓመት ያረሙት፣ ያጨዱት፣ ያረቡት ሁሉ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

«እንግዲህ ቀረሁ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አልቀሩም። ለምን እንዳልቀሩ ዛሬ እንጻፍ። ይኸ ነገር የእሳቸው ብቻ አይደለምና።

መጀመሪያ ትዳርን ማን ያፈርሳል? በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር። ፍቺንም የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ያ ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሲኖሩም፣ ሲፋቱም መብታቸው እኩል ነው አለ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። ይኸ አዋጅ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። የአማራ ክልል ሕግ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 79 ነው። በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። እዚህ የምጽፈው በአዋጅ 213 ያለውን ነው። የክልላችሁን ቃል ከሕግ አዋቂ ጠይቁ።

በዚህ ሕግ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ማስታረቅም ትልቅ ሥራ ነው። ዳኛውም ራሱ፣ «እስቲ በሽማግሌ ሞክሩ» ብሎ ሊልክ ይችላል። ሽማግሌ ማፋታት ግን አይችልም። ባልም «ፈታሁ» ስላለ ትዳር አይፈርስም። ሚስትም ወደ አባቷ ቤት ስለሄደች ብቻ አይፈርስም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባልና ሚስት ተለያይተው ብዙ ዓመት ከኖሩና ሌላ ኑሮ ከመሠረቱ፣ ትዳሩ በዚያው አብቅቷል ተብሎ በሰበር ችሎት የተወሰነበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዝም ብሎ ዘመን ማሳለፍ መብትን ያስበላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 እነሆ ይጠቅመናል። ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የእኚህ እናት አሻራ በዛፍ ሥር ነው የተደረገ። ዳኛ አላየውም። አዋዋይ አላየውም። ባልየው ወረቀቱን ለፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ይችላሉ። ሴትዮዋም፣ «ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ማንም አላረጋገጠልኝም» ብለው ይከራከራሉ። ምስክር ይሰማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይኸ ጋሻ ማንበብ ለማይችል ሰው ነው። እኛ ከአሁን በኋላ የለንም። የፈረምነው ይይዘናል። ሳታነቡ አትፈርሙ። «ቶሎ በሉ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ቢሏችሁም ቁጭ ብላችሁ አንብቡ።

ንብረቱስ? ሕጉ ንብረትን ሁለት ያደርገዋል። አንደኛው የግል ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ከጋብቻም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ የግል ነው። ሴትዮዋ ከአባታቸው ላም ወርሰው ከሆነ ላሟ የእሳቸው ናት። ሁለተኛው የጋራ ነው። በትዳር ዘመን ተሠርቶ የተገኘ ሁሉ የጋራ ነው። በአንዱ ስም ብቻ ቢጻፍም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። የጋራው እኩል ይካፈላል። ዕዳም ካለ ይታያል። «እሱ አረሰ፣ እሷ እቤት ዋለች» የሚባለው ክርክር አይሠራም። እንጀራው በማን እጅ ተጋገረ?

አንዳንድ ባል ክሱን ሲሰማ በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል። ሚስትም እህሉን በሌሊት ወደ ዘመድ ታሸሻለች፤ ይኸንም አይተናል። ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ከብት ወይም ዕቃ ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ቤትማ ጭራሽ አይሸጥም። ከተሸጠ፣ ያልተስማማው ሰው ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ይዘገያል።

መሬት አይሸጥም። የያዝነው የመጠቀም መብት ነው። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም መዘጋጀት እንዳለበት በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ደንግጎ ነበር። በአማራ ክልል ብዙ ደብተር ላይ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ደብተራችሁን ዛሬ ማታ አውጡና ስማችሁን ፈልጉ። መሬቱ ከጋብቻ በፊት የተያዘ ከሆነ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ጠበቃ የሚያስፈልገው ይበልጡን እዚህ ላይ ነው።

ጠበቃ ማለት ሕግ የተማረ፣ ፈቃድ ያለው፣ ለሰው የሚከራከር ሰው ነው። በፍርድ ቤት ደጅ የሚዞር ሁሉ ጠበቃ አይደለም። «ፈቃድዎን ያሳዩኝ» ማለት ነውር የለውም። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በወረቀትም ይጻፍ። ውክልና ስትሰጡ ቃሉን አንብቡ። «እንዲከራከርልኝ» የሚል ይበቃል። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲታረቅ» የሚል ካለበት ለምን እንደተጻፈ ጠይቁ።

ገንዘብ የሌለውስ? ያለ ጠበቃም ራስ መከራከር ይቻላል። ድሃ መሆኑን ያስረዳ ሰው የዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ ምክር ሲሰጥ ኖሯል። የሕግ ትምህርት ያለባቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከሎች አሏቸው። የወረዳ ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መንገዱን ያሳያል።

«የጋብቻ ወረቀት የለኝም» የምትሉ ብዙ ናችሁ። አትፍሩ። ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁን፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ እንደሚያውቃችሁ በምስክር ማስረዳት ይቻላል። የሠርጉን ቀን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች አስቡ።

ጉዳዩ እስኪያልቅ ልጆች ማን ጋር እንዲሆኑ፣ ቀለብ ማን እንዲሰጥ፣ ንብረቱን ማን እንዲጠብቅ ፍርድ ቤቱ ያዛል። ይኸንን ከክሱ ጋር ጠይቁ። ዱላ ካለ ደግሞ ለፖሊስ ማመልከት ነው፤ ፍቺው እስኪወሰን አይጠበቅም። ልጆችን በሚመለከት የሚታየው የሚበጃቸው ነው። ያላሳደገውም ወላጅ እንደ አቅሙ ቀለብ ይሰጣል፤ ልጁንም ያያል።

ቀጠሮ አትቅሩ። ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ተከሳሽ ከቀረ በሌለበት ሊታይ ይችላል።

እናታችን ማክሰኞ ወረዳ ሄደው ነበር። ማመልከቻው ገብቷል። ሲመለሱ ቀጠሮውን ጠየቅኋቸው። አልነገሩኝም። ደብተራቸውን ገልጠው ሰጡኝ። «ታኅሣሥ 9 ጧት 3 ሰዓት» ብለው ራሳቸው ጽፈውታል። «ኅ»ን ግን በ«ህ» ነው የጻፏት፤ አላረምኳቸውም።