«ማዳሜ» ማለት ይቅርብን

እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ስንሰባሰብ አንዲት እህታችን የ3 ወር ደሞዟ እንዳልተከፈላት ስታወራ ቆጠርኩ። 11 ጊዜ «ማዳሜ» አለች። «ማዳሜ ተቆጥታ፣ ማዳሜ ከልክላኝ፣ ማዳሜን ፈርቼ።» ገንዘቧን የተበላችው እሷ ናት፤ ስትናገር ግን የራሷን ጥፋት የምትናዘዝ ትመስል ነበር።

ቃሉ የፈረንሳይ ነው። «ማ» ማለት «የኔ» ነው፤ የማሳድጋት ልጅ የቤት ሥራዋን ስታነብ «ማ ሜዞን» ትላለች፣ ቤቴ ማለቷ ነው። «ዳም» እመቤት ነው። ስለዚህ «ማዳም» ብቻውን «እመቤቴ» ነው። እኛ ደግሞ በአማርኛ ጨምረንበት «ማዳሜ» ስንል «የኔ የኔ እመቤት» እያልን ነው። አንዱ አልበቃንም!

«ዳም» የመጣው ከላቲኑ «ዶሚና» ነው። ሮም ውስጥ ባሪያዎች አሳዳሪያቸውን ሴት የሚጠሩበት ቃል ነበር። ሥሩ «ዶሙስ» ነው፣ ቤት ማለት። እኛን በየወረቀቱ «ዶሜስቲክ» የሚለን ቃልም ከዚሁ ቤት የተወለደ ነው። አንዷ የቤቱ ባለቤት፣ አንዷ የቤቱ ዕቃ። ፓሪስ ያለው የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ስሙ ሲተረጎም «እመቤታችን» ነው። ሌሊት እያለቀስን የምንጠራትን ስም ነው እንግዲህ ፓስፖርታችንን ለቆለፈችብን ሴት የሰጠነው።

«ክብር ነው እኮ፣ ምን አለበት?» የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ቃሉ አገሩ ላይ ምን እንደሆነ ስሙ። ድሮ ማዳም የምትባለው የትልቅ ሰው ሚስት ነበረች። በ1789 አብዮቱ ፈነዳ፤ ከ3 ዓመት በኋላ ማዳም ቀርቶ ሴት ሁሉ «ሲቷዬን»፣ ዜጋ ትባል ተባለ። ቃሉ በኋላ ተመለሰ፣ ቀስ በቀስም የሁሉም ሆነ። በ2012 መንግሥት ላላገባች ሴት የሚባለውን «ማድሟዜል» ከመሥሪያ ቤት ቅጾች አስወጣ። ዛሬ እዚያ ዳቦ ሻጩ ለሚኒስትሯም ለጽዳት ሠራተኛዋም «ቦንዡር ማዳም» ነው የሚለው።

እዚህ ቤይሩት ግን ቃሉ በኛ ላይ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ሮም። እኛ «ማዳም» እንላለን፣ መልሱ «ያ ቢንት» ነው፤ 30 ዓመት ቢሞላሽም ልጅት ነሽ። ከወሎ መጥተሽ «ሲርላንኪየ» ትባያለሽ፤ የሰው አገር ስም የሥራ ስም ሆኖ። በአንድ በኩል ብቻ የሚሄድ ነገር ምኑ ነው ክብር?

አገር ቤትስ «እትዬ» እንል የለም? እንላለን። እትዬ ቢያንስ ታላቅ እህት ማለት ነው። (እትዬም ደሞዝ ታስቀራለች፣ እሱን አልክድም።)

የሊባኖስ የ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ሕጉ እንደ ሠራተኛ አልቆጠረንም፤ እኛም በገዛ አፋችን አሠሪ የለንም እያልን ነው። የፈረምነው ውል እንኳ አሠሪና ሠራተኛ ይላል እንጂ ማዳም አይልም። ፊቷ ላይ «ማዳም» በሏት፣ ጣጣ አታምጡ፤ ስሟን መጥራት በአንዳንዱ ቤት እንደሚያስመታ አውቃለሁ። እርስ በርሳችን ስናወራ፣ ቆንስላ ስንሄድ፣ ለቤተሰብ ስንደውል ግን «አሠሪዬ» እንበል።

ያቺን እህት ነገሩን በዚህ ቃል ድገሚው ብለን ለመንናት። አፍራ ቆየች። ከዚያ «አሠሪዬ የ3 ወር ደሞዝ አልከፈለችኝም» አለች። ዝም አለችና፣ «90 ቀን እኮ ነው!» ብላ ጮኸች።