ባህሉን የጣለው ልጁ አይደለም

«ወጣቱ ባህሉን ጥሎ የፈረንጅ ጊታር ይደበድባል» የሚለው ወቀሳ ሰልችቶኛል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ የጎረቤቴ ልጅ ካንትሪ ጊታር የሚማረው በዩቲዩብ ከአንድ አሜሪካዊ ባለሙያ ነው። አውራ ጣት ቤዙን ሲመታ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን እንዴት እንደሚያወጡ፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ ደጋግሞ ያያል። ወጪው የዳታ ፓኬጅ ብቻ ነው።

እስቲ በዚያው ስልክ የዶርዜን ዘፈን ለመማር ሞክሩ! ብዙ ድምፆች ተሳስረው የሚዘፈኑበትን ይህን ጥበብ ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀርጾታል። እኛስ? የጭፈራ ቪዲዮ ሞልቷል፤ የትኛው ድምፅ መቼ እንደሚገባ የሚያስረዳ ትምህርት ግን ፈልጌ አጣሁ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዳይባል፣ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ።

ታዲያ ባህሉን የጣለው ማን ነው? ልጁ የገባው በተከፈተለት በር ነው። የባህል ኃላፊዎቻችን ለበዓል መድረክ ከሚያወጡት ላይ ጥቂት ቀንሰው ጨንቻ ይውጡ። ለአንድ አዋቂ እንደ መምህር አበል ይክፈሉ፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ፣ በዝግታ፣ ከነማብራሪያው ይቅረጹ፤ በነፃ ይልቀቁ።

ከዚያ በኋላ ልጁ እምቢ ካለ፣ ያኔ አብረን እንወቅሰዋለን።