ብስክሌትና የአላህ አማና



ባለፈው ክረምት፣ እዚህ እንጅባራ፣ አንድ ደረሳችን የስድስት ዓመት እህቱን ከብስክሌቱ ኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስቀምጦ ወደ መድረሳ ሲመጣ የልጅቱ እግር በሚዞረው ቸርኬ ሽቦዎች መካከል ገባ። ተረከዟ ተላጠ። ልጁም ሚዛኑን ስቶ ሁለቱም አስፋልቱ ላይ ወደቁ። አልሐምዱሊላህ፣ አጥንት አልተሰበረም፤ ቁስሉ ግን ለመዳን ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። ልጁን ልንገሥጸው ጠርተን፣ «እህትህን ይዘህ በዚያ ቁልቁለት እንዴት ትከንፋለህ?» አልነው። አንገቱን ደፍቶ፣ «ኡስታዝ፣ ያረፈደ ውጭ ይቆማል ብለውን ነበር» አለን። መልስ አጣን። በእርግጥም ብለን ነበርና።

ስለዚህ የዚህ ወር ጽሑፋችን ለልጆች ብቻ አይደለም። ልጆችን ለምንልክ፣ ለምናስቸኩልና ብስክሌት ለምንገዛላቸው ለእኛም ጭምር ነው።

አደጋ ሲደርስ «ቀደር ነው» ብለን እናልፋለን። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ግመሉን ፈትቶ ይመካ ወይስ አስሮ ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራትና ከዚያ በአላህ እንዲመካ እንዳስተማሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ፍሬኑ በማይዝ ብስክሌት ቁልቁለት የሚወርድ ወጣት ግመሉን ሳያስር የተመካ ሰው ነው። አካላችንም ሆነ ከኋላችን የጫንነው ልጅ የአላህ አማና ነው።

አገራችን አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር የፈረሰኞቹን ችሎታ አይተናል። ልጓም የሌለውን ፈረስ ማንም በሕዝብ መካከል አይጋልብም። ለጭነት፣ ለጉዞና ለግልቢያ አያያዙ እንደሚለያይም አባቶቻችን ያውቃሉ። ብስክሌትም እንዲሁ ነው፤ አነዳዱ በየዓይነቱ ነው፤ ጥንቃቄውም እንደ አነዳዱ ይለያል።

የመጀመሪያው፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሱቅና ወደ መስጊድ የሚደረገው የከተማ ውስጥ አነዳድ ነው። እዚህ ፈተናው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ድንገተኛነትም ነው። ባጃጅ በድንገት ይቆማል፤ የቆመ መኪና በር ይከፈታል፤ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ይወጣል። ነጂው ቀኙን ይያዝ፤ ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከመታጠፉ በፊት ወደ ኋላ አይቶ እጁን ዘርግቶ ያሳይ። በገበያ ቀንና ሰው ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ ግን ወርዶ መግፋት ይሻላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመንገድ ሐቆች መካከል ሰውን ከማስቸገር መቆጠብን ቆጥረዋል። ሽማግሌ ያስደነገጠ ብስክሌተኛ ባይጥላቸውም ሐቃቸውን ነክቷል።

ሁለተኛው፣ ሰው ወይም ዕቃ ጭኖ መንዳት ነው። ትንሽ ልጅ ከኋላ ሲቀመጥ እግሩ ማረፊያ ስለሌለው ወደ ቸርኬው ይገባል፤ የደረሳችን እህት የተጎዳችው በዚህ ነው። የእግር ማረፊያና ቸርኬውን የሚሸፍን ነገር ሳይኖር ሕፃን መጫን አይገባም። ድንች ወይም ከሰል የጫነ ሰውም ክብደቱን በግራና በቀኝ ያመጣጥን፤ ጭነቱ ከባድ ሲሆን ብስክሌቱ ቶሎ እንደማይቆም ይወቅ። ጀለቢያ፣ ጂልባብና ሻሽም በሰንሰለትና በሽቦ ይጠመጠማሉ። ወንዱ ጀለቢያውን ሰብስቦ፣ እህታችንም ከሥር ሰፊ ሱሪ ለብሳ የጂልባቧን ጫፍ አስራ ይሁን።

ሦስተኛው፣ ወጣቶቻችን የሚወዱት የእሽቅድምድም አነዳድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን እነዚያ ተወዳዳሪዎች የራስ ቁር የማድረግ ግዴታ ከተጣለባቸው ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። መንገዱም ለእነርሱ ይዘጋላቸዋል። በእኛ መካከል የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር መንገድ ግን ለማንም አይዘጋም፤ ከባድ መኪና ይመላለስበታል። ለልምምድ የወጡ ጓደኛሞች ተከታትለው እንጂ ጎን ለጎን አይንዱ፤ ከጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ ዳገት መውጣት ደግሞ ሞትን መለማመድ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንይ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሴኮንድ አምስት ሜትር ተኩል ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ 40 ከደረሰ 11 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ቸርኬው ላይ የሚይዝ ፍሬን በዝናብ ሲርስ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከቁልቁለቱ በፊት ነካ ነካ አድርጎ ውሃውን ማስለቀቅ፣ ከዚያም ሁለቱንም ፍሬን ቀስ ብሎ አብሮ መያዝ ይገባል። የፊቱን ብቻ በድንገት የጨመቀ በመሪው ላይ ይወረወራል። የእንጅባራን ዝናብና ጭጋግ የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቅም።

አራተኛው፣ የጨለማ አነዳድ ነው። ለፈጅር የሚወጣ፣ በረመዳንም ከተራዊሕ የሚመለስ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያድርግ፤ ነጭ ልብስም ይረዳል። መግሪብ ሲቃረብ ለኢፍጣር መቸኮልም አለ። የደከመና የተጠማ ነጂ ዓይኑ ይዘናጋል። በኪሱ አንድ ተምር የያዘ ሰው ግን ባለበት ቆሞ ያፈጥራል፤ መሮጥ አያስፈልገውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። እንግዲህ ወላጆች ሆይ! በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ከልጃችሁ ጋር ጎማውን ተጫኑ፤ ፍሬኑን ሞክሩ፤ ሰንሰለቱን ዘይት ቀቡ። ብስክሌት ስትገዙ የራስ ቁሩን ዋጋ አብራችሁ አስቡ። ልጁም ሲወጣ በሱረቱ ዙኽሩፍ አንቀጽ 13 እና 14 የተመለከተውን የመሳፈሪያ ዚክር ይበል። አንቀጾቹ መጓጓዣውን የገራልን አላህ መሆኑንና መመለሻችንም ወደ እርሱ መሆኑን ያስታውሱናል። ይህን እያለ የሚነሳ ሰው እንዴት በግዴለሽነት ይነዳል?

በእኛ መድረሳም ደንቡን ለውጠናል። ያረፈደ ልጅ ሰላምታ ሰጥቶ ገብቶ ይቀመጣል፤ ምክንያቱን በኋላ እንጠይቀዋለን። ያ ደረሳችን ዛሬ እህቱን በእግሯ እጇን ይዞ ያመጣታል፤ ብስክሌቱን በሌላው እጁ እየገፋ። አንዳንድ ቀን አሥር ደቂቃ ያረፍዳሉ። እኛም «ወዐለይኩሙ ሰላም» ብለን እንቀበላቸዋለን።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።