ችግኝ ከማከፋፈላችን በፊት ካርታውን እንይ

ዛሬ የዋጋ ዝርዝሩን ለነገ ላቆየውና ስለ መሬት ትንሽ ልበል።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ኒውዮርክ ላይ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር ካለፈ ወዲህ የሚደወልልኝ ስልክ ተቀይሯል። ድሮ «ዛሬ ስንት ገባ?» ነበር፤ አሁን «የት ልትከል?» በዝቷል። ደስ ይላል። ግን በዛሬ ዋጋ የተተከለ ችግኝ ፍሬ የሚሰጠው ከ3 እና 4 ዓመት በኋላ ነው፤ ዛፉም ለአሥርት ዓመታት እዚያው ይቆማል። ያኔ ቦታው ምን ያህል ይሞቃል? ብዙዎቻችን ይህን ሳንጠይቅ ነው ጉድጓድ የምናስቆፍረው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዙ ኪው የእጽዋት ማዕከል ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ያወጣው ጥናት አለ። የአየር ንብረት መረጃን ከሳተላይት ምስልና ከመስክ ሥራ ጋር አዋህዶ የአገራችንን ቡና በካርታ አስቀምጦታል። ምንም ካልተደረገ፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን ውስጥ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ቡናው ወደሚስማማው ቦታ ከተሸጋገረና ደኑም ከተጠበቀ ደግሞ ተስማሚው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ ይችላል። ልዩነቱን አያችሁ?

ሂሳቡ ቀላል ነው። አረቢካ የሚወደው በዓመት አማካይ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። አካባቢው በ1 ዲግሪ ከሞቀ፣ የድሮውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ወደ 170 ሜትር መውጣት ግድ ነው።

«እንግዲያው ወደ ላይ እንውጣ» የሚል ይኖራል። ቀስ! ከላይ ያለው ብዙው ደን ነው። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.) በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና እዚያ ገበያ አይገባም። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ሁለቴ ተራዝሟል፤ ይህቺ ቀን ግን አልተነካችም። ዛሬ ጫካ ገብቶ የሚመነጥር ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ጥሩ ቡና ይዞ አውሮፓ የሚገዛው ያጣል።

ደን ያልሆነው ደጋም ባዶ አይደለም። ገብስ፣ ባቄላ፣ እንሰት አለበት። እህልም ስለማሻሽጥ አውቀዋለሁ፤ የገብስ ማሳውን ለቡና የለቀቀ ገበሬ ፍሬ እስኪያይ ቀለቡን ከገበያ ነው የሚሸምተው።

ስለዚህ የሙቀት ካርታ ብቻውን አይበቃም። ከፍታ፣ ዝናብ፣ የደን ሽፋንና አሁን ያለው ሰብል አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ መታየት አለበት። በነጻ የሚገኘው የሙቀት መረጃ አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ነው። በገደላማ አገር በዚያ ስፋት ውስጥ የ300 ሜትር የከፍታ ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ያ ማለት ወደ 2 ዲግሪ የሚጠጋ ስህተት ነው። ስለዚህ በ30 ሜትር የከፍታ ካርታ ይታረም። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ረባዳው ስለሚወርድ ውርጭ የሚመታውን ቦታ የአካባቢው ሽማግሌ ይንገረን። ከፍ ባለና እርጥበት በበዛበት ቦታ የቡና ፍሬ በሽታ ስለሚበረታ፣ ችግኙም በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ይሁን።

«አባቶቻችን ያለ ካርታ ተክለው የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን እነሱ የሚያውቁት አየር ነበር። አሁን አየሩ ራሱ እየተለወጠ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ላኪዎችና ዩኒየኖች ለአውሮፓ ብላችሁ የማሳ ጂፒኤስ እያስለቀማችሁ ነው፤ ወጪው ወጥቷል። ያ መረጃ የገዢን ፎርም ሞልቶ ኮምፒውተር ውስጥ አይቅር። ከሙቀቱና ከከፍታው ጋር አገናኙትና ለየቀበሌው ሦስት ቀለም ያለው ካርታ አውጡ፦ ቡና የሚተከልበት፣ ጥላ ተጨምሮ ያለው ቡና የሚጠበቅበት፣ ጭራሽ የማይነካ። ውጤቱም ለገበሬው ይመለስ፤ መሬቱ የእሱ ነው። የመጪው ክረምት ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ የሚወጣው ይህ ከታየ በኋላ ይሁን።

ካርታውን የጀመራችሁ ዩኒየኖች ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ለሌላው እናካፍላለን። የነገ ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለቀቃል። መልካም ገበያ!