የማያም እብጠት አያዘናጋ

ግራር በበዛበት ቆላ በባዶ እግሩ ለሚያርስና ከብት ለሚያግድ ሰው እሾህ መወጋት ብርቅ አይደለም፤ ነቅሎ ጥሎ ሥራውን ይቀጥላል። አልፎ አልፎ ግን አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ጠጠር ያለ እብጠት ይወጣል። ሕመሙ ማይሴቶማ ይባላል።

ክፋቱ አለማመሙ ነው። «ካላመመኝ ምን አስሮጠኝ» ያለው ገበሬ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው እብጠቱ በየቦታው ተበስቶ፣ ከመግሉ ጋር እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ጥቁር ወይም ነጭ ቅንጣቶች መውጣት ሲጀምሩ ነው። አጥንት ከዘለቀ እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል።

በአገራችን እግር ሲያብጥ ቶሎ የሚታሰበው ዝሆኔ ነው። ዝሆኔ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ማይሴቶማ ግን በአንዱ ላይ ይበረታል፣ ቅንጣትም ያወጣል። ማይሴቶማን ባክቴሪያም ስለሚያመጣውና መድኃኒቱ ስለሚለያይ፣ ናሙና ሳይመረመር ክኒን ማደል በሽተኛውን መበደል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ማይሴቶማን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ሲዞሩ የገበሬውን እግር ይዩ፤ ድሮ ስለወጋው እሾህም ይጠይቁት።